ሣጥንና የማይሰረዘው ቅጂ

ባሌን ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «ሣጥን» እያሉ ነው የሚጠሩት። የነገሩትን ሁሉ ዋጥ አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ነው። ሚስጥር ንገሩት፣ እዚያው ይቀራል። ቁልፍ ስጡትና ከዓመት በኋላ ተመለሱ፣ ከኪሱ ያወጣዋል። ክፋቱ ግን ሣጥኑ ለእኔ ለሚስቱም አይከፈትም። «ዛሬ ሥራ እንዴት ዋለ?» ስለው «ደህና» ይለኛል። ፋብሪካው ተቃጥሎ አመድ ቢሆን እንኳ «ደህና» ነው የሚለኝ። እኔን ደግሞ ፈጣሪ ሲሠራኝ ለአፌ ክዳን ሳያበጅለት ነው የለቀቀኝ። እንግዲህ እንዲህ ሆነን ነው ልጅ ወልደን፣ ልጅ ድረን እዚህ የደረስነው።

የሚሠራው ፍራሽ ፋብሪካ ነው። ፍራሽ ግን አይሠራም። ማን ስንት እንዳዘዘ፣ ስፖንጁ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ደንበኛ ምን ብሎ እንዳማረረ፣ በኮምፒውተሮቹ ውስጥ ያለው ዳታ የሚሉት ነገር ሁሉ ጠባቂ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች መስኮት የሌላት ክፍል፣ ሲያጉረመርሙ ከሚውሉ ማሽኖች ጋር ይውላል። አንድ ቀን ምሳ ላደርስለት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ብሰማ «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» እያለ አንዷን ማሽን ያባብላታል። እኔን እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።

የፋብሪካው ደንብ «ቅጂው አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፤ እሳት ቢነሳ፣ ጎርፍ ቢገባ ሌላ ቦታ ይኑር» ይላል። ደንቡ ጥሩ ነበር፤ ፋብሪካው ግን ሌላ ሕንፃ የለውም። ታዲያ የት ይቀመጥ? እኔ መኝታ ቤት! ዓርብ በመጣ ቁጥር ባሌ ቅጂው ያለበትን ዲስክ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከትቶ፣ ምሳ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ አራስ ልጅ እንደያዘ ሰው ቀስ እያለ ይገባል። ከዚያ ቁም ሣጥኔን ከፍቶ ከብርድ ልብሱ ሥር ያስተኛዋል።

ዲስኩ መጀመሪያ ከገባባት ዕለት ጀምሮ ቤቱ የእኔ መሆኑ ቀረ። ቁም ሣጥኑ አጠገብ በካውያ አይተኮስ። በሩ ጓ ተደርጎ አይዘጋ። ሬዲዮ ላዩ ላይ አይቀመጥ። በሙቀት ወራት ብቸኛዋን ማራገቢያ ወደ ቁም ሣጥኑ አዙሮ፣ እኛ በላብ ተጠምቀን እናድራለን። «አንተ ሰው፣ እኔስ ብበላሽ ቅጂ አለኝ?» እለዋለሁ። ያስብበታል፤ ከልቡ ያስብበታል! ከዚያ ማራገቢያዋን በጥቂቱ ወደ እኔ ያዞራታል።

ይኼ ሁሉ ባልከፋ፣ ሰፈሩ ሰማ። መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ልጇን ድራ ስልኳ በሰርጉ ቪዲዮ ጢም ብሎ ሞልቶባታል። «ጋሽ ሣጥን፣ ይኼ ስልክ አንድ ቀን ሽንት ቤት ይገባብኛል። ሰርጉን እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡልኝ፣ አደራ» አለችው። አደራ አለች፣ አበቃ። ባሌን «አደራ» ካሉት በኋላ እምቢ የሚልበት ምላስ የለውም። እኛ ቤት ኮምፒውተር ስለሌለ ፋብሪካ ወስዶ ከፋብሪካው ዲስክ ላይ ጫነላት። በሳምንቱ ጫማ ጠጋኙ የሟች አባቱን ድምፅ ይዞ መጣ። ቀጥሎ አንዷ የልጇን ዳዴ፣ አንዱ የፈረሰ ቤቱን ፎቶ። ባሌ «የሰው አደራ» ብሎ አንድ ፎልደር ከፈተና ሁሉንም እዚያ አጎረው።

«አንተ፣ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው እኮ! ለሰፈሩ ሌላ ዲስክ ግዛ» አልኩት።

«አደራ የሚቀመጠው ከሁሉ በሚጠበቀው ቦታ ነው» አለኝ። በሳምንቱ ውስጥ የተናገረው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይኼ ነበር፤ ምን ብዬ ልከራከረው?

እንዲህ እንዳለን አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ስልጠና ደርሶ የተመለሰ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ጎልማሳ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባሌን ከፊት፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ከኋላ አድርጎ ቤቴ ድረስ መጣ። ልጅቷ ዳታውን ወደ ደመና ለማዛወር የተቀጠረች ባለሙያ ናት፤ እኔ በልቤ «የደመናዋ ልጅ» አልኳት። ሥራ አስኪያጁ መኝታ ቤት ገብቶ፣ ቁም ሣጥኑ ሲከፈትለት፣ ብርድ ልብሱ ሲነሳለት ዓይኑ ፈጠጠ።

«ይኼ ነው ሁለተኛው የዳታ ማዕከላችን?»

«እርስዎ እንደዚያ ይበሉት፤ እኔ ብርድ ልብስ ነው የማስቀምጥበት» አልኩት።

አልጋችን ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ትምህርት ጀመረ። ከእንግዲህ ቁም ነገር ያለው ድርጅት ዲስክ ተሸክሞ አይዞርም፤ ሁሉም ደመና ላይ ነው አለ። ልጅቷ ግራ መጋባቴን አይታ «ደመና ይባል እንጂ እናቴ፣ ያው መሬት ላይ ያለ ትልቅ ቤት ነው። የሌላ ሰው ማሽን ተከራይተን እዚያ እናስቀምጣለን» አለችኝ።

«አሃ! የሰው ቁም ሣጥን!»

«እሱን ነው» አለች። ወደድኳት።

«ሌባውም ተቀይሯል» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ወገቡን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያመቻቸ። «ዛሬ በር አይሰብርም። ከሩቅ ገብቶ ዳታህን ይቆልፍና ካልከፈልክ አልከፍትም ይላል። ለዚህ መድኃኒቱ የማይሰረዝ ቅጂ ነው። አንዴ ከገባ ሰባት ዓመት ማንም አይነካውም። ሌባው አይሰርዘውም፣ እኔም አልሰርዘውም!»

«ራስዎ መሰረዝ ካልቻሉ ምኑ ያስደስትዎታል?»

«ቁም ነገሩ እሱ ላይ ነው እንጂ!» አለና ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። «ከዚያ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ። የተቀመጠውን ሁሉ ያነባል፣ ቪዲዮውን ያያል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ስትጠይቀው ይመልስልሃል። ዳታ እስከ ዛሬ ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር። ከእንግዲህ ይናገራል።»

ባሌን አየሁት። እጁ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ነው። «ቆይ» ሊል እንደፈለገ እኔ አወቅሁ። ፎልደሩን ላውጣ፣ ነገ ላምጣው፣ የሆነ ነገር ሊል። ግን ሣጥን አይደል? ልጅቷ ምሳ ዕቃውን ከነፎጣው ብድግ አድርጋ ይዛ ወጣች፣ እሱም በሩን ከፍቶ ሸኛት!

ሥራ አስኪያጁ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆም አለ። «የዲስክ ጠባቂ የሚባል ሥራ ከእንግዲህ የለም» አለው። «የአዲሱ ማከማቻ ምርቃት ካማረልን፣ ማከማቻውን አንተ ትይዘዋለህ። ካላማረልን…» ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ ሄደ።

በማግስቱ ባሌ ለሰፈሩ አደራ አዲስ ዲስክ ገዝቶ፣ በኪሱ ይዞ፣ ቁርሱን ሳይጨርስ ወደ ፋብሪካው ሮጠ። ማታ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። «እንዴት ዋልክ?» አልኩት። ዝም። «ደህና» እንኳ አላለም! ያኔ ነው የፈራሁት። ሾርባ ሰጥቼ፣ ተቆጥቼ፣ አባብዬ፣ መጨረሻ ላይ አልቅሼ አስተፋሁት። ልጅቷ ቀድማው ገብታ ኖሯል። ዲስኩን ሰክታ፣ ያለውን በሙሉ ጭና፣ ቆልፋው ጠበቀችው። ፋብሪካው ተጫነ፤ የሰርጉ ጭፈራ፣ የሟች አባት ድምፅ፣ የሕፃኑ ዳዴ አብሮ ተጫነ። ሰባት ዓመት።

«ለልጅቷ ንገራት!» አልኩት።

«ምርቃቱ ይለፍ።»

«ካወቁብህ ያባርሩሃል እኮ! የት ትገባለህ በዚህ ዕድሜህ? ማን ይቀጥርሃል?»

«ማን አይቶት» አለ። እሱም አላመነበትም። ጉዳዩ የእንጀራ ብቻ ቢሆን እኔም እችለው ነበር። ይኼ ሰው የሚጠብቀው ነገር ካጣ ምን እንደሚሆን ግን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ታሞ ቤት ሲውል የቤቱን ቁልፎች ሁሉ ሰብስቦ ሲያጸዳቸው ዋለ። አንጀቴን በላኝ። እና ዝም አልኩ። እኔ! እስኪያልፍ ድረስ ለልብስ ሰፊዋ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም፤ ጉሮሮዬ ሊያብጥብኝ ደርሶ ነበር።

የምርቃቱ ቀን ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው ተጋበዝን። ሥራ አስኪያጁ ወንበር አስወጥቶ አዳራሹን በፍራሽ ሞልቶታል፤ «እንግዶች ምርታችንን በአካል ይወቁት» ብሎ ነው አሉ። እኔ ያለኝን ጥሩ ቀሚስ ለብሼ፣ «አዲሱ ለስላሳ» በሚሉት ፍራሽ ላይ ቁጭ ብል ወደ ውስጥ ስምጥ! ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተገናኘ። ከፊቴ ባሌ፣ የክት ኮቱን ለብሶ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። ወደ መድረኩ ቀረብ ብለው ደግሞ ምርኩዛቸውን ተደግፈው የቦርዱ ሰብሳቢ፣ ፋብሪካውን የመሠረቱት አሮጊት ተቀምጠዋል። ሰዉ ሁሉ «እሜቴ» ነው የሚላቸው።

ሥራ አስኪያጁ ከትልቁ ስክሪን ፊት ቆሞ «የመጀመሪያው ደንበኛችን ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ማሽኑ በሚያምር የሴት ድምፅ መለሰ። አጨበጨብን። «አምና የትኛው ወር ብዙ ሸጥን?» መለሰ። አጨበጨብን። ሰውየው ሞቅ አለው። ሞቅ ሲል ነው መጥፎው። እጁን ዘርግቶ «እስቲ ደንበኞቻችን ስለ ‹የወገብ ደጋፊ› ፍራሻችን ከልባቸው ምን ይላሉ?» አለ። «የወገብ ደጋፊ» እኛ ቤት የተነጠፈው ነው።

«በቅሬታ መዝገቡ ላይ ደንበኞች ረክተዋል ተብሎ ተጽፏል» አለ ማሽኑ። «ከልብ የተነገረ አስተያየት ግን በአንድ ቪዲዮ ውስጥ ይገኛል። ላሰማ?»

«አሰማ እንጂ!»

ስክሪኑ ላይ ልብስ ሰፊዋ እስክስታ እየመታች ብቅ አለች። የልጇ ሰርግ! የባሌ ጀርባ ድርቅ ሲል ከኋላ አየሁት። ፊታቸው የማይታይ ሁለት ሴቶች ቪዲዮውን ከሚቀርጸው ሰው አጠገብ ያወራሉ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ፣ በአዳራሹ አራት ማዕዘን፣ አንዷ እንዲህ አለች፤

«ኧረ ተይኝ እቴ! የወገብ ደጋፊ ይሉታል፤ ወገቤን ገንድሶ ጣለው እንጂ። ባሌ በቅናሽ አመጣልኝ፣ ቀሪውን በወገቤ ከፈልኩ! ያ ምስኪን ደግሞ የወጣለት ፍራሽ ነው ብሎ ትንፍሽ አይልም፤ ሲገላበጥ አጥንቱ ሲንቋቋ የምሰማው እኔ ነኝ። ጠላቴ ይተኛበት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ይኼ ከአፋፍም አልፎ ደመና ላይ ወጥቶ ነው የተመለሰብኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብችል ፍራሹ ውስጥ ጨርሼ ብገባ ደስታዬ ነበር፤ ለነገሩ ግማሹን ገብቻለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ክው ብሎ ቀረ። ከዚያ እንደ በርበሬ ቀላ። «ይኼ የተቀነባበረ ድምፅ ነው! የተፎካካሪ ሥራ ነው! እንዲህ የምትል ደንበኛ የለችንም!» ብሎ ጮኸ። ዞር ብሎ የደመናዋን ልጅ አያት። «የጫንሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ማን ነው የላከሽ? አሁኑኑ ዕቃሽን ሰብስበሽ ውጪ!»

ልጅቷ «እኔ… ያለውን ነው…» አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ድምፄን ማንም አላወቀውም። ፊቴ አይታይም። ባሌ እንደ ልማዱ ዝም ካለ ሁሉም ያልፋል፣ ሥራውም ይተርፋል። ዝም በል ሣጥን፣ አልኩ በልቤ፣ ዛሬ እንኳ ዝም በልልኝ።

ባሌ ብድግ አለ።

«ልጅቷን ይተዉአት» አለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ግን አዳራሹ ጸጥ አለ፣ ግማሹ ሠራተኛ ሲናገር ሰምቶት አያውቅማ! «እሷ ያገኘችውን ነው የጫነችው። ዲስኩ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የጎረቤት አደራ ነው። ሰርግ አለበት፣ ዳዴ የሚል ሕፃን አለበት፣ የሞተ ሰው ድምፅ አለበት። በፋብሪካው ዕቃ ማስቀመጤ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እና ይቺ… ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ስክሪኑ እየጠቆመ።

«ባለቤቴ ናት» አለ። «እዚያ ናት።»

ሰው ሁሉ ዞረ። በክብር ልነሳ ብዬ ብሞክር ፍራሹ መልሶ ዋጠኝ። እንደገና ብሞክር በጎኔ ተንከባለልኩ። ሁለት ሴቶች ክንድና ክንዴን ይዘው እንደ ወደቀ ጆንያ ጎትተው አቆሙኝ። ሳቁ እንደገና ተነሳ።

«ሰርዢው!» አለ ሥራ አስኪያጁ ልጅቷን። «አሁን እፊቴ ሰርዢው!»

«አይሰረዝም» አለች በእጅጌዋ እንባዋን እየጠረገች። «ሰባት ዓመት ነው። እርስዎ ነዎት ያዘዙት።»

ያኔ እሜቴ ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረጉ። «አንቺ ሴትዮ፣ ነይ እስቲ ወዲህ» አሉኝ። ቀሚሴን እያስተካከልኩ ሄድኩ። ቀና ብለው ትክ ብለው አዩኝ። «እውነት ወገብሽን ያምሻል?»

ባሌን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። ከዚህ በኋላ ምን ይደበቃል? «እውነት ነው እሜቴ። ጧት ጧት ከአልጋ የምነሳው በአራት እግሬ ነው።»

«እኔንም» አሉ።

«እንዴ!»

«እኔንም ገደለኝ። አርጅቼ ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ። በየሩብ ዓመቱ ወረቀት ያመጡልኛል፤ ደንበኞች ረክተዋል፣ ደንበኞች ረክተዋል ይላል። ታዲያ እኔ ብቻዬን ነኝ ያልረካሁት ብዬ አፈርኩ» አሉና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። «ማሽንህ ጎበዝ ነው፣ ልጄ። እውነት ሲናገር ግን ልታፍነው ተነሳህ።»

እሜቴ ባሌን በምርኩዛቸው ጠቆሙት። «አንተ ደግሞ የፋብሪካዬን ዕቃ ያለፈቃድ ነክተሃል፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍልህ። ለያንዳንዱ ጎረቤት አደራውን ገልብጠህ በእጁ መልስ። እዚያ ተቆልፎ የቀረውን ደግሞ ማሽኑ እንዳያነበው ከልጅቷ ጋር ሆናችሁ ከልሉት፤ የሰው ጓዳ ነው። ማከማቻውንም አንተው ያዘው።»

«ደብዳቤም፣ ሹመትም?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሁለቱንም» አሉ እሜቴ። «ፍራሹንም ቀይሩት።»

የደመናዋ ልጅ ሮጣ መጥታ ባሌን አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት። እሱ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት እንደ ምሰሶ ቆመ።

ወደ ቤት በእግራችን ነው የተመለስነው። ሱቆቹ ገና አልተዘጉም። ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ፣ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ይራመዳል። እኔ ግን ውስጤ ይንጨረጨራል፤ ፍርሃቱም፣ ውርደቱም፣ ደስታውም አንድ ላይ ነው የወጣብኝ።

«አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ!» አልኩት መንገድ ላይ ቆሜ። «ልጅቷን ለማዳን ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሃል፤ ይበቃ ነበር! እኔን መጠቆም ምን አመጣው? ማን ናት ሲልህ ‹አላውቃትም፣ ከጎረቤት አንዷ ትሆናለች› ብትል ማን ያውቅብህ ነበር? ፊቴ አይታይ! በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አዋረድከኝ፣ ሥራህንም ልታጣ ነበር!»

እሱም ቆመ። ኮቱን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረ። መልስ ይሰጠኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

«እንዴት አድርጌ?» አለኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው የኖርኩትን ድምፅ አላውቀውም ልበል?»

እኔ እንግዲህ መልስ አጥቼ አላውቅም። ለሻጭ፣ ለአማች፣ ለሥራ አስኪያጅ፣ ለማንም አጥቼ አላውቅም። እዚያ የሳሙና ሱቁ በር ላይ ግን አፌን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ፤ ዓይኔ ሞላ፣ ሰው ያየኛል ብዬም አላፈርኩ። እሱ ጥቂት ጠበቀኝና «ነይ፣ ይመሻል» ብሎ ኮቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ።